ያልሰማነው የካሴቱ መጨረሻ

ይድረስ ለታዴ፤

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆነን። እንዴት ከረምክ ብዬ ልጀምር አሰብኩና ለራሴ ሳቅኩ። ምን ላድርግ፣ እጄ የለመደው እንዲህ ነው። አንተ ወደዚህ አገር ቀድመኸኝ፣ እኔ ልጅ ይዤ ካርቱም በቀረሁ ጊዜ የጻፍኩልህ ደብዳቤ ሁሉ የሚጀምረው በዚሁ ነበር። ያኔም ቢሆን ሦስት ስጽፍልህ አንድ ነበር የምትመልሰው። ስለዚህ አሁን ዝም ብትለኝ አዲስ ነገር አይሆንብኝም።

እኛ ደህና ነን። የምሬን ነው። የዛሬ ወር ብትጠይቀኝ ኖሮ ደህና ነን ብዬ እዋሽህ ነበር። አሁን ግን ሳልዋሽ የምለው ሆኗል፤ የተቀመጥኩትም እሱን ልነግርህ ነው። ቤቱ ያው የኦስዶርፕ ሰፈሩ ሦስተኛ ፎቅ ነው። አከራዮቹ የመስኮቱን ፍሬም ሁሉ አረንጓዴ ቀቡት፤ ብታየው ቡርሹን ከእጃቸው ትቀማቸው ነበር። የታችኛዋ ጎረቤታችን ውሻ ሞተባትና ሌላ አመጣች፤ ይሄኛው ደግሞ ይባስ ይጮሃል። እኔ በአረጋውያኑ ቤት ቋሚ ሠራተኛ ሆኛለሁ፤ ሆላንድኛዬም ለመጨቃጨቅ ይበቃል። ትዝ ይልሃል፣ ሃውስአርትሱ፣ የቤተሰብ ሐኪማችን ጋ ስንሄድ አንተ በሽታዬን ስታስረዳልኝ እኔ ራሴን ብቻ ስነቀንቅ? አሁን ሄጄ ሐኪሙን ሲናገር የማቋርጠው እኔ ነኝ።

ሰናይት አሥራ አምስት ሞላት። በቁመት በልጣኛለች። አንገቷ ያንተ፣ ግትርነቷ ያንተ፣ ስትቆጣ ከንፈሯን የምትነክሰው እንኳን ያንተ ነው፤ እኔ ዘጠኝ ወር ለምን እንደተሸከምኳት አይገባኝም። ትልቅ ሰው አንቱ ማለት አሁንም አልገባትም። ባለፈው እንደ እናት የምናያቸው እትዬ አስካለ ከዴንሃግ ሲመጡ "አንቺ ሻይ ትጠጫለሽ?" ብላቸው መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ሳቁና "አዎ፣ ስኳር ጨምሪበት" አሉ።

ዋናው ወሬዬ ይሄ ነው። ሸክላ ማጫወቻውን ከፍቼዋለሁ። ጥቁሩን ጨርቅ አንስቼ፣ አጥቤ፣ አጣጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። እንዳትቆጣ። ሀዘን ቤት ሙዚቃ እንደማይከፈት ሁለታችንም እያወቅን ነው ያደግነው። አባትህ ያረፉ ጊዜ አንተ ራስህ ከባንድ አለቃህ ፈቃድ ጠይቀህ አርባ ቀን ሙሉ ክላርኔትህን አልነካህም። እኔም ከቀብርህ እንደተመለስኩ መጀመሪያ ያደረግኩት ያንን ማሽን ጥቁር ማልበስ ነው። አርባው አለፈ። ሙት ዓመቱ አለፈ። እኔ ጥቁሬን አወለቅኩ፤ ማሽኑ ግን እንደለበሰ ቀረ። እትዬ አስካለ እሁድ እሁድ ሲደውሉ፣ ልጄ፣ ሬዲዮ እንኳን አትከፍቺም እንዴ ይሉኝ ጀመር። እሳቸው እንኳን! ለለቅሶ ደንብ ከሳቸው በላይ ማን አለ? እኔ ግን ገና ነው እላቸዋለሁ። ሰው ሁሉ እንዴት ያለች ባሏን አክባሪ ናት አለ። ውሸት ነው፣ ታዴ። አክብሮት አልነበረም፣ ፍርሃት ነው። አንድ ካሴት ፈርቼ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ የምታውቀውንም ጭምር። ሳወራው ነው ቀለል የሚለኝ።

አንተና እነዚያ ያለፈው መቶ ዓመት የሙዚቃ ደራሲዎች ነገራችሁ የጀመረው ገና ድሮ፣ አዲስ አበባ ወታደር ባንድ ውስጥ ሳለህ ነው። ያ የውጭ አገር አስተማሪያችሁ ቅዳሜ ከሰዓት መስኮት ዘግቶ፣ ሸክላ አስቀምጦ፣ ማርሽ ብቻ የሚያውቁትን ወታደሮች ዙሪያውን ያስቀምጣል። ሲያልቅ ምን ሰማህ አይልም፣ ምን ታየህ ነው የሚለው። አንዱ ከበሮ መቺ "እራቴ ታየኝ" ብሎ ግቢውን አሥር ዙር እንደሮጠ ስንቴ ነገርከኝ? አንተ ግን ጫካ ታየህ፣ ፈረስ ታየህ፣ የተካደች ሴት ታየችህ። ሰውዬው ትከሻህን መታ አድርጎህ፣ እነዚህ ደራሲዎች ያለ አንድ ቃል ተረት የሚያወሩ ሰዎች ናቸው፣ አንተም ሰሚያቸው ነህ አለህ። ያን ቀን ያገኘኸውን ሹመት እስከ ሞትህ ድረስ አልተሻርክም።

እዚህ መጥተህ ደግሞ ሥራ ስትፈልግ ከሁሉ ቤት የኮንሰርት አዳራሽ ጽዳት ይድረስህ? አምስተርዳም ውስጥ ስንት ቢሮ ሞልቶ! ኦርኬስትራው ልምምድ ሲያደርግ አንተ የአዳራሹን ኋላ ወንበር በወንበር ትጠርጋለህ፣ አንዷን ወንበር አራቴ ትወለውላለህ። አለቃህ እንደ አንተ ያለ ጠንቃቃ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም ማለቱን ሰምቼ በሳቅ ሞቻለሁ። ቤት ስትገባ ኮትህን ሳታወልቅ ትጀምራለህ። የደራሲዎቹን ስም እኔ ምላሴ አልዞርልኝ ሲል በራሴ ስም አወጣሁላቸው። ወንዝን ከምንጩ እስከ ታች ተከትሎ የጻፈው አባ ወንዙ ሆነ። በአንዲት ሴት ፍቅር ነዶ መቶ ሰው የሚነፋውና የሚመታው ሙዚቃ የጻፈው ደግሞ ያበደው ሆነ። እንደ ጎረቤት ነበር የምናማቸው። ያበደው ዛሬ ተነስቶበታል ስትለኝ፣ ምነው ቢያርፍ፣ እሷ እንደሁ ዞራ አላየችው እልህ ነበር።

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት። እሷን ሰዓት እኮ ሰው አይነካብንም ነበር። አንተ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ያመጣኸውን ሸክላ ታስቀምጣለህ፣ ሰናይት ምንጣፉ ላይ በሆዷ ትተኛለች፣ እኔ የምተኩሰውን ልብስ ይዤ እቆማለሁ። ሲያልቅ "የሺዬ፣ ምን ታየሽ?" ትለኛለህ። እኔ ደግሞ መልስ አላውቅም። ቫዮሊን ነው የሰማሁት፣ ምን ይታየኛል? አንተ አትናደድም። ይሄ ወፍ ነው፣ ይሄ ሠርግ ነው፣ ይሄ የሚመጣው ዝናብ ነው እያልክ ትተርክልኛለህ፤ እኔም የአንተን አፍ እያየሁ እሰማለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ለብዙ ጊዜ የምወደው ሙዚቃውን ሳይሆን ስታወራው ነበር።

ከሁሉ የምንወደው የመርከቡን ነበር። የሰሜን አገር ሰው የጻፈው ነው ብለኸኛል። በአንተ ተረት ባልየው መርከበኛ ነው፣ እሱን የምትናገረው ያቺ ትልቋ ቫዮሊን፣ ቼሎዋ ናት፤ ሚስትየዋ ዳር ቆማ ትጠብቃለች፣ እሷ ክላርኔት ናት። መርከቡ ይሄዳል፣ ማዕበሉ ይነሳል፣ ከበሮው ይደልቃል፣ መርከቡ ዓለቱን ሊመታ ሲል ሸክላው ቋ፣ ቋ፣ ቋ! ጭረት ነበረበታ። ሁልጊዜ እዚያው ላይ። መርፌውን ታነሳና "እንግዲህ ሰመጠ" ትላለህ። ሰናይት ስምንት ዓመቷ ሳለ በዚህ አልቅሳ እራት አልበላም አለች። አንተም ያልተጫረ እስካገኝ ታገሺኝ፣ ያኔ መጨረሻውን አብረን እንሰማለን ብለህ ቃል ገባህላት።

ፈልገህ አጣህ። ከዚያ አንድ ቀን ሬዲዮ እንደሚያጫውተው ሰማህና ባዶ ካሴት ይዘህ ጠበቅህ። እኔ ሥራ ነበርኩ፣ እሷ ትምህርት ቤት። ቁልፉን ተጭነህ፣ ድምፁን ዘግተህ፣ እስኪያልቅ በረንዳ ላይ ቆመህ ቆየህ። ለምን ስልህ፣ ያለ እናንተ መጨረሻውን ብሰማው ለሰኒ ምን እላታለሁ አልክ። በኅዳር ብርድ ሠላሳ ደቂቃ በረንዳ ላይ! ኧረ አንተ ሰው! ካሴቱ ላይ ደግሞ እንደ ልማድህ ምንም አልጻፍክም። ቃል የሌለውን ነገር በቃል አላሽገውም ባይ ነህ። በእርሳስ ማዕበል ሣልክ፣ ከላይዋ ትንሽ መርከብ። በወንዙ ካሴት ላይ ደግሞ ሁለት ረጃጅም መስመርና ዛፍ ነበር። እሁድ እንሰማለን አልክ። በዚያው ሳምንት ጉሮሮህ ታመመ፣ ሆስፒታል ገባህ፣ እሁዱም ሳይመጣ ቀረ።

እንግዲህ ደረስኩበት። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ መናገር አልቻልክም። በመጨረሻው ሳምንት ወረቀት ላይ "ወንዙን አምጪልኝ" ብለህ ጻፍክልኝ። ወረቀቱ አሁንም መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ነው። ቤት ሮጥኩ፣ ካሴቶቹን በተንኳቸው፣ ውኃ የተሣለበትን አነሳሁ፣ ተመልሼ ሮጥኩ። ማዳመጫውን ጆሮህ ላይ አደረግኩልህና የትንሿን ቴፕ ቁልፍ ተጫንኩ። ገና ሲጀምር ዓይንህን ገልጠህ አየኸኝ። እንዲያ ያለ አስተያየት አይቼብህ አላውቅም። ደስ ያለህ መሰለኝና ፈገግ አልኩልህ። ከዚያ ዓይንህን ጨፈንክ፣ እጄን ያዝክ። ሙዚቃው ለእኔ አይሰማኝም፤ የማየው ፊትህን ብቻ ነው፤ እንባህ በጎን ወረደ። ኋላ እጄን ጫን አደረግክ፣ ሁለቴ። በማግስቱ ጠዋት አረፍክ።

የአርባህ ዕለት ለእንግዳ ቦታ ላመቻች ብዬ ካሴቶቹን ስሰበስብ ሁለቱ መስመርና ዛፉ እጄ ላይ ወጡ። ወንዙ። ቤት ነበር! ታዲያ የወሰድኩልህ ምንድን ነው? ማዕበሉን ነው። እርሳሱ ከሌሎቹ ካሴቶች ጋር ታሽቶ መርከቧ ጠፍታ፣ የቀረው ውኃ ብቻ ነበር፤ እኔም ያንን ውኃ ወንዝ ብዬ ይዤልህ ሄድኩ።

የሆነው ይሄ ነው። ባሌ በመጨረሻ ቀኑ ጸጥ ብሎ የሚሄድ ወንዝ ለመነኝ፣ እኔ የሚሰምጥ መርከብ አመጣሁለት። ያ አስተያየትህ ገባኝ አልኩ። ደስታ አልነበረም፣ ድንጋጤ ነው። አፍ የለህም፣ ጉልበት የለህም፣ ማዳመጫውን ማውለቅ አትችል፣ እኔ ደግሞ አጠገብህ ተቀምጬ ፈገግ እላለሁ! አፈር ልብላ፣ ታዴ። ለማንም አልተናገርኩም። ለእትዬ አስካለ አልተናገርኩም፣ ለነፍስ አባቴ አልተናገርኩም፣ ለልጄማ እንዴት ብዬ? ሙዚቃ በተሰማ ቁጥር፣ ሱቅ ውስጥ እንኳን ቢሆን፣ ያ ዓይንህ ድቅን ይልብኛል። ዕቃዬን ጥዬ የወጣሁበት ቀን አለ። አረጋውያኑ ቤት ፒያኖ ሲመታ አልጋ ላንጥፍ ብዬ ፎቅ እወጣለሁ። ቤት ውስጥ ግን ሰበብ ነበረኝ፤ ሀዘን ላይ ነን።

አሁን ሰናይትን ስማ። ክላርኔትህን፣ ያንን ቁልፉን በላስቲክ ያሰርከውን፣ ከፎቁ ሥር ካለው ዕቃ ማስቀመጫችን፣ ከቤርኺንጉ፣ እንዳይታየኝ ብዬ ከትቼው ነበር። ባለፈው ወር የክረምት ጫማ ላወጣ ስወርድ ድምፅ ሰማሁ። በሩ ጋ ቆምኩ። ልጅህ በካፖርቷ፣ በብስክሌቶቹ መሃል ቆማ፣ የብስክሌት መብራት ሰቅላ ትነፋለች። ለካ በሰፈሩ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመዝግባ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ቤት ውስጥ መለማመድ እንደማይቻል ስለምታውቅ እዚያ ቀዝቃዛ ጉድጓድ ውስጥ ትለማመዳለች። ልቆጣት በሩን ልገፋ ነበር። ከዚያ የምትነፋውን ለየሁት። ዳር ቆማ የምትጠብቀዋን ሴት ነው። ትሄዳለች፣ ትሄዳለች፣ ጭረቱ ያለበት ጋ ስትደርስ ትቆማለች። እንደገና ከመጀመሪያው። እንደገና እዚያው ትቆማለች። ከዚያ ወዲያ አታውቀውማ! ማን ያሳውቃት?

ተጣላን፣ ተላቀስን፣ ሁለቱንም አደረግን። ጨርሼ ያላሰብኩትን ተናገረችኝ። ፓፓ የሞተው አንዴ ነው፣ አንቺ ግን በየቀኑ ዝም ታሰኚዋለሽ አለችኝ። በጥፊ ልላት እጄ ተነሳ፣ መልሼ አወረድኩት። ያኔ ነው የነገርኳት። እዚያው በብስክሌቶቹ መሃል፣ አሮጌ ቫሊዛ ላይ ተቀምጬ፣ ወንዙንም መርከቡንም፣ ሁሉንም። ግን እማዬ፣ መጨረሻውን አንቺም አታውቂውም አለችኝ። ምን ያስፈልገዋል፣ ከሰመጠ በኋላ ምን ይመጣል አልኳት። እሷ ግን አስተማሪዋ የነገራትን ነገረችኝ። ያው ሙዚቃ ሮተርዳም ውስጥ እሁድ ከሰዓት ይጫወታል።

ሦስት ቀን እንቢ አልኩ። አሞኛል አልኩ፣ ሥራ አለኝ አልኩ፣ ሰው ምን ይላል አልኩ። አራተኛው ቀን ላይ ቀሚሴን ስትተኩስ አገኘኋት፤ ያው እሁድ እሁድ እኔ የምቆምባት ቦታ ላይ ቆማ። ከዚያ በኋላ እንቢ ለማለት አቅም አጣሁ። በባቡር ሄድን። ሌይደንን ስናልፍ ወርደን እንመለስ አልኳት፣ ዴንሃግ ላይ እትዬ አስካለ ጋ ሻይ ጠጥተን እንመለስ አልኳት። ክንዴን ቆልፋ ያዘችኝ። ለካ እስረኛ ነኝ።

አዳራሹ ትልቅ ነው፤ ወለሉን ሳየው ስንት ሰዓት ይፈጃል ብዬ አንተን አሰብኩ። ተጀመረ። ክላርኔቷ ስትገባ ያወቅኳት ያህል ዘመድ አላውቅም። ባልየው ሲሰናበታት፣ መርከቡ ሲርቅ፣ ሁሉም ያንተው ነው፤ ድምፅህ ጆሮዬ ላይ ነው። ማዕበሉ መጣ። እኔ ሸክላ ላይ የማውቀው ማዕበል ለካ የጠላ ቤት ግርግር ነው! ይሄኛው ወንበሩን ያንቀጠቅጣል። ዓለቱ ጋ ሲደርስ ግማሽ ተነስቻለሁ፣ ልወጣ ነው። ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል ነገር ጠበቅኩ። አልመጣም። አለፈ። መርከቡ ተሰበረ፣ አዎ ተሰበረ፣ ከዚያ ግን ሙዚቃው አላለቀም።

ጸጥ አለ፣ ታዴ። ለምን ያህል ጊዜ ጸጥ እንዳለ አላውቅም። ከዚያ ክላርኔቷ ብቻዋን፣ ቀስ ብላ፣ ያለ ልቅሶ። እኔ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ከሥር፣ ከሩቅ፣ ቼሎዋ መጣች። ባልየው! ያንኑ መሰናበቻውን ነው የሚለው፣ ግን አሁን ደክሞት የተቀመጠ ሰው ሆኖ፣ ዝግ ብሎ። እሷ ትጀምራለች፣ እሱ ይጨርስላታል። በሕይወት ይድረስ፣ ነፍሱ ትምጣ፣ እኔ አላውቅም፤ ግን መጥቷል። ምን ታየሽ ብትለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ነበረኝ። ጠዋት ታየኝ። የረጋ ውኃ ታየኝ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ታዩኝ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ አጠገቤ ያሉት ሆላንዳዊት አሮጊት እንዳላዩ ሆነው እጄ ላይ የሚንት ከረሜላ አስቀመጡልኝ። በላሁት፣ ምን ላድርግ።

ሲያልቅ ሰናይት ስለ ሙዚቃው የተጻፈውን ትንሽ መጽሐፍ አነበበችልኝ። ጉድህን ስማ እንግዲህ። ደራሲው ማዕበልና ጠዋት ብቻ ነው ያለው። ባል የለም! ሚስት የለችም! ጭራሽ ሰውዬው መርከብ ላይ ወጥቶ እንኳን አያውቅም፤ ባሕር ያየው ከመስኮት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ስታስለቅሰን የኖርክበትን ተረት ከራስህ አውጥተህ ነው! እኔና ልጅህ አዳራሹ ደረጃ ላይ ተቃቅፈን እስኪያመን ሳቅን። ሰው ዞሮ ያየናል። አንተ ሳለህ ካልሆነ እንዲያ ስቄ አላውቅም። ውሸታም! ግን አሁን ደራሲው ራሱ ቢመጣም የሚያሳምነኝ አይመስለኝም፤ ክላርኔቷ ሚስት ናት።

ይሄም ሆኖ በባቡሩ ላይ ስንመለስ አንድ ነገር ይቆረቁረኝ ነበር። መጨረሻው መልካም ነው፣ እሺ። አንተስ ደረስክበት? በመሃል ደክመህ ተኝተህ፣ ማዕበሉ ላይ ቀርተህ ቢሆንስ? ለሰናይት ሳልነግራት ቤት ደረስን። ኮቴን ሳላወልቅ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ሆስፒታሉ የሰጠኝ ፌስታል እዚያ ነው። ፒጃማህ፣ መነጽርህ፣ ትንሿ ቴፕ ከነማዳመጫዋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልተፈታም፤ አንድም እጅ አልነካውም። ቴፗን አወጣኋት፣ እጄ ግን ሊከፍታት እንቢ አለ። ልጅህ ተቀበለችኝ። በመስኮቷ አየችና፣ እማዬ፣ የካሴቱ ክር ሁሉ ወደ ቀኝ ዞሯል፣ እስከ መጨረሻው ሄዷል አለችኝ።

እዚያ ላይ ትዝ አለኝ። ሁለት ዓመት ከሰባት ወር የት ተደብቆ እንደቆየ እንጃ። ያን ቀን፣ አልጋህ አጠገብ፣ ቴፗ በራሷ ቀጭ ብላ ቆመች። ካሴት ሲያልቅ እንደምትለው። እኔ ላጠፋት እጄን ስዘረጋ፣ ለካ ጠፍታለች። ከዚያ ነው እጄን ሁለቴ ጫን ያደረግከው። ከቀጭታው በኋላ፣ በፊት አይደለም! ማዕበሉን አልፈህ፣ ጸጥታውን ሰምተህ፣ ቼሎው ሲመለስ ሰምተህ፣ ከዚያ ነው እጄን ጫን ያደረግከው። እያወቅክ ነው። መጀመሪያ ያየኸኝም፣ ልጠይቅህ ባልችልም፣ አሁን ሌላ ይመስለኛል። ያለ እናንተ አልሰማውም ብለህ ያስቀመጥከው ነበራ፤ እኔ ደግሞ አጠገብህ ነበርኩ። ግማሽ ቃልህን አስጠብቄሃለሁ ማለት ነው፣ በስህተትም ቢሆን።

እፎይ አልኩ። ሌላ ቃል የለኝም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ፌስታሉን አቅፌ፣ እፎይ አልኩ። ያን ጊዜ ሰናይት ሄዳ ጥቁሩን ጨርቅ አነሳችው። አልከለከልኳትም።

በሚቀጥለው እሁድ እትዬ አስካለ ሲደውሉ ሙዚቃው ተከፍቶ ነበር። ላጠፋው ስሮጥ ስልኩን ሰናይት አነሳችው። በቃ፣ ዛሬ አለቀልኝ አልኩ። ተቀበልኳት። እሳቸውም፣ ልጄ፣ ትንሽ ከፍ አድርጊው፣ ጆሮዬ ደክሟል አሉኝ። ቀጥለውም፣ ይህን ቀን ስጠብቅ ጉሮሮዬ ደረቀ፣ ታደለ ነፍሱን ይማረውና ዝምታ የሚወድ ሰው ነበር እንዴ ብለው ተቆጡኝ። ይገርምሃል፣ ለመቆጣታቸው ደስ አለኝ።

እና እንግዲህ እንዲህ ነው የምንኖረው። ማሽኑ ክፍት ነው። ክላርኔትህ ከጉድጓድ ወጥቷል፤ ወደ ሠሪ ልንወስደው ነው፣ ልጅህ ግን የፓፓ ላስቲክ አይነሳም ትላለች። መርከቧን በእርሳስ መልሼ ሥያታለሁ፤ ዳክዬ መስላለች፣ አትሳቅ። ከእንግዲህ የምረሳህ እንዳይመስልህ። እንዲያውም የረሳሁህ ያኔ ነው፣ ዓይንህን ብቻ ይዤ ሌላህን ሁሉ ጥቁር ባለበስኩ ጊዜ። አሁን አፍህንም፣ ሳቅህንም፣ ወንበር አራቴ መወልወልህንም መልሼ አግኝቻለሁ፤ እስካለሁ ድረስም አልለቃቸውም። እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መርፌውን ሳላነሳ፣ ካሴቱን ሳላቋርጥ፣ ቀጭ እስኪል እሰማለሁ። ምን ታየሽ የሚለኝ ባይኖርም እመልስልሃለሁ።

አሁን ዘጠኝ ሊሆን ነው። ሰናይት ክላርኔቱን በእስትንፋሷ እያሞቀች ነው፣ መጨረሻውን ተምራዋለች። ልሂድ፣ ልሰማላት።

የሺህ